ድልድዩ የተቆረጠ ለት

ሰብሌ የላሊበላ አስጎብኚ ናት፤ ዕድሜዋን ሰው ስታስጎበኝ ኖራ፣ እሷን ያስጎበኛት የሻው ብቻ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ትልቁን ድልድይ ሰነጠቀውና እንደ አዲስ ሲሠራ፣ የሻው መሐንዲስ ሆኖ መጣ። አንድ ቀን መንገድ ተዘግቶባት ስትቆም ሄልሜቱን አውልቆ ሰጣትና ሥራውን አሳያት።

«ይኼ ምሰሶው ላይ የተነጠፈው ጎማ ነው። ምድር ስትንቀጠቀጥ ድልድዩ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም።»

«ሰውስ?» አለችው።

«የሰውን አልተማርኩም።»

ሳቁ። ልቧም እዚያው ቀረ።

ዓመት ሙሉ ተዋደዱ። እሱ የወንዙ ማዶ፣ የኩልመስክ ወገን ልጅ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቶቻቸው ይላመዱ ብለው፣ ድልድዩ ለአገሬው ሰው በሚጎበኝበት ቀን ሁለቱንም ጠሯቸው። ስለ ፍቅራቸው ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ምን ያደርጋል! የሰብሌ እናት የየሻውን እናት፣ እትዬ ንጋትን፣ ገና ከሩቅ ሲያዩ ደርቀው ቀሩ። ጠጋ ብለው የእትዬ ንጋት አገጭ ላይ ያለችውን ጠባሳ ትክ ብለው አዩና ጮኸው አቀፏቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብሌ ክርስትና በምትነሣበት ቀን ደራሽ ውኃ አሮጌውን ድልድይ ቆረጠው። ክርስትና እናት የምትሆነው አክስቷ ማዶ ቀረች። ቄሱ ግራ ሲገባቸው፣ ውኃው ከመንገድ ያስቀራት አንዲት ልጅ ያዘለች እንግዳ ተነሥታ ሕፃኗን ክርስትና አነሣቻት። ውኃው ሲጎድል ተሻግራ ሄደች፤ አገሯን የጠየቀ አልነበረም። የሰብሌ እናት ከዚያ ወዲህ በየገበያው ሲያፈላልጓት ኖረዋል።

«ልጄ ናትና!» ብለው እትዬ ንጋት ሰብሌን እያገላበጡ ሳሟት።

ሰብሌ በትከሻቸው ላይ አሻግራ የሻውን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። ያኔ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የነበረው ሕፃን እሱ ነው። የክርስትና እናት ልጅ ወንድም ነው፤ ወንድምና እህት ደግሞ አይጋቡም። ይኼን ለላስታ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

እናቷ ደስታቸውን አልቻሉትም። «ወንድም የለኝም ስትይ አልነበር? ይኸው! ስትዳሪ በር የሚይዝልሽ አገኘሽ።»

የሻው አንገቱን ደፋ። «እይዝላታለሁ» አለ።

በማግስቱ ማንም ወደማያውቃቸው አገር አብራው እንድትጠፋ ለመናት። ሰብሌ እሺ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«እናትህ አቅፈውኛል» አለችው። «በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ድልድዩ አለቀ፤ የሻውም ሌላ ሥራ ይዞ ራቀ።

ሰብሌ የሙጃ ከተማ አስተማሪ አገባች፤ ደግ ሰው ነው፣ ምንም አይወጣለትም። የሠርጉ ለት የሻው እንደ ቃሉ አዲሱን ድልድይ ተሻግሮ መጣ። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ሲገፉ በሩን ይዞ አልለቅም አለ። ሽቶ ቢረጩበት፣ ቢለማመጡት፣ ንቅንቅ የለም። ሰዉ ለወጉ መስሎት፣ የወንድም ነገር እያለ ሳቀ። ሰብሌ ውስጥ ሆና በቬሏ ሥር አለቀሰች፤ ሙሽራ ስታለቅስ ደግሞ ማንም ለምን አይላትም።

ሲቆይ ተነሥታ ከኋላው ቆመች።

«በቃ ወንድሜ፣ ልቀቃቸው» አለችው።

እስከዚያች ቀን ወንድሜ ብላው አታውቅም ነበር። በሩን ለቀቀ።