ዝም ሲባል የሚቋረጥ መስመር

በመሥሪያ ቤቱ «ቆይ እስኪ» ነበር የሚሉት። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድበታል። የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉን ዳታቤዝ፣ ማለትም የደዋዮች አድራሻና የመኪኖቹ ስምሪት የሚቀመጥበትን ሰርቨር፣ የሚጠብቀው እሱ ነው። አንድ ነገር ተበላሸ ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ቆይ እስኪ» ብሎ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይላል።

ከጥሪ ተቀባዮቹ አንዷ መጀመሪያ የደወለችለት ቀን ግን ይህ መልስ አልበጀውም።

«ምን ቆይ እስኪ ትለኛለህ! ሽማግሌ ሰው መሬት ላይ ወድቀዋል እኮ! አድራሻውን ጽፌ ልልክ ስል ‹ግንኙነቱ ተቋርጧል› ብሎ ሁሉንም ዋጠብኝ!»

እሱ ስልኩን ጥሎ ደረጃውን እየዘለለ ወረደና የጥሪ ክፍሉን በር ከፈተ። ጥሪ ተቀባይዋ ደዋዩን አድራሻውን ደግማ እያስነገረች ክንዷ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። ከዚያው ከክንዷ እያነበበች ለሾፌሩ በሬዲዮ ነገረችው። መኪናው መውጣቱን ስትሰማ ነው ቀና ብላ ያየችው።

«አንተ ነህ ቆይ እስኪ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሽማግሌው ባይተርፉ ምን ልትለኝ ነው?»

ዐይኖቿ እንባ አቅርረዋል፤ ግን አላወረዱም። ያን ቀን ሽማግሌው ለጥቂት ተረፉ። እሱ ግን ወደ ክፍሉ ሲመለስ፣ ያ አስተያየቷ አብሮት ደረጃውን ወጣ።

ብልሽቱ አልቆመም። ሰርቨሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸው፤ ሜሞሪው አልሞላም፣ ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ፕሮግራሙም እንከን የለበትም። የቸገረው አንድ ነገር ነው፤ ሰርቨሩ «ተጠቃሚው ጥሎኝ ሄደ» እያለ ይመዘግባል፣ የእሷ ኮምፒውተር ደግሞ «ሰርቨሩ ጥሎኝ ሄደ» ይላል። እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ሁለቱም ይከሳሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ይመስላል።

በተቋረጠ ቁጥር የምትደውለው እሷ ናት። መጀመሪያ ስለ ብልሽቱ፣ ቀጥሎ ምሳ በልቶ እንደሆነ፣ ኋላ ኋላ ስለምንም ነገር ያወሩ ጀመር። ስልኩ ሲጮህ ልቡ ሁለት ጊዜ ይደነግጣል፤ አንዴ የሰው ሕይወት ተንጠልጥሎ ይሆናል ብሎ፣ አንዴ ደግሞ እሷ ናት ብሎ። ሁለተኛው ድንጋጤ ደስ ስለሚለው በራሱ ያፍር ነበር። ሰው እንዴት ብልሽት ይናፍቃል?

አንድ ቀን እንደ ዋዛ አለችው፦

«አንድ ነገር አስተውለሃል? ሥራ ሲበዛብን ተቋርጦ አያውቅም። ጭር ብሎብን ቆይቶ መጀመሪያ የሚመጣው ጥሪ ላይ ነው ጉድ የሚሠራን።»

እሱ ወዲያው የብልሽቱን መዝገብ ከፈተ።

«የለህም እንዴ?»

«አለሁ። ያልሽውን ድገሚልኝ።»

ያን ከሰዓት ከመቀመጫው አልተነሣም። የተቋረጠባቸውን ሰዓቶች ከጥሪዎቹ ጋር አስተያየ፤ እውነቷን ነበር። ሰርቨሩም ኮምፒውተሩም አልዋሹም። ከመሃላቸው የተቀመጠው ፋየርዎል፣ መስመሩን ከሌባ የሚጠብቀው መሣሪያ፣ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ያለውን ግንኙነት ሁሉ ለማንም ሳይናገር ይቆርጠዋል። ማግኘቱ ሊያስደስተው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን መዝገቡን ዘጋው። ፋየርዎሉን የሚቆጣጠረው የኔትወርክ ሠራተኛ የእሷ ታላቅ ወንድም ነው። ከዚህ ቀደም አንድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በስብሰባ ላይ «ጥፋቱ ከማንም ይምጣ፣ ያ ሰው እዚህ አይውልም» ብለዋል።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ክፍሉ መጣች። ፊቱን አይታ ፈገግታዋ ጠፋ።

«አግኝተኸዋል አይደል?»

«አግኝቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሐዘን ተቀመጥክ?»

«ከጋሼሽ ክፍል ነው።»

ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አባታችን ሲሞት እኔን ለማስተማር ብሎ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ነው» አለች። «እሱ ከዚህ ከወጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ሰርቨሩ አርጅቷል በላቸው። በቃ፣ ሌላ ነገር በላቸው።»

«ነገ ሌላ ሽማግሌ ቢወድቅስ?»

እንደተመታ ሰው አየችው። ትክክል መሆኑን ታውቃለች፤ የበለጠ ያስቆጣትም ይኸው ነው። ተነሥታ ወጣች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለው ነበር።

ከሰዓት መስመሩ እንደገና ተቋረጠ። የደወለችው ሌላ ሴት ናት።

ያኔ ወደ ሥራ አስኪያጇ ሳይሆን ወደ ወንድምየው ክፍል ሄደ። ወንድምየው ከገመዶች መሃል ቀና አለ፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲቆጣ ድምፁን የሚቀንስ ሰው ነው።

«እህቴን የምታስለቅሳት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ጋሼ፣ ለማንም ከመናገሬ በፊት ላንተ ልነግርህ መጣሁ። ተሳስቼ ከሆነ አንተው አሳየኝ።»

ወንድምየው ብዙ ካየው በኋላ በእግሩ ወንበር ገፋለት።

«እንፈትሻ።»

አንድ ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር አገናኙና ሳይነኩት ተቀመጡ። ከታች ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለቱም ይበረግጋሉ፤ ታች ያለችው የሁለቱም ናት። በመጨረሻ ወንድምየው ጣቱን ሰድዶ ቁልፉን ተጫነ።

«ግንኙነቱ ተቋርጧል» አለ ስክሪኑ።

ወንድምየው ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

«ጥበቃው ይጥበቅ ተብሎ ታዘዝኩ። ዝም ያለውን መስመር ሁሉ ዝጋ አልኩት» አለ ድምፁ ሊሰማ እስኪያቅት። «ዝም ያለ ሁሉ የሞተ መስሎኝ።»

አብረው አስተካከሉት። ወንድምየው የጊዜ ገደቡን አረዘመ፤ እሱ ደግሞ ሰርቨሩ ሥራ ባይኖርም በየመሃሉ አነስተኛ ምልክት እንዲልክ አደረገ። እንደገና ጠበቁ። እንደገና ተጫኑ። አድራሻው ሄደ።

«ተነሥ» አለ ወንድምየው። «አለቃችን ጋ አብረን እንገባለን። የምናገረው ግን እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጇ እስከ መጨረሻው አደመጡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ይህን ከሌላ ሰው ሰምቼው ቢሆን ዛሬውኑ ትሰናበት ነበር» አሉ። «ራስህ መጥተህ ነገርከኝ። ማስጠንቀቂያው አይቀርልህም፤ ሥራህ ግን ሥራህ ነው። ሁለታችሁም ሳትመካከሩ አንዲት ነገር እንዳትነኩ።»

መስመሩ ዳነ። ቀናት አለፉ፤ አልተቋረጠም። የእሱም ስልክ አልጮኸም። የማዕከሉ ሰው ሁሉ እፎይ ሲል እሱ ብቻ ቀፎውን አንሥቶ ይሠራ እንደሆነ ያዳምጥ ነበር። ልደውል ይልና፣ ምን ብዬ ይላል። ይቅርታ ልበላት ይልና፣ ስለ የትኛው ጥፋት ይላል።

አንድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። ገባ ሳትል ደፉ ላይ ቆመች።

«ዛሬም አልተቋረጠም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልደወልክም?»

«ብልሽት በሌለበት በምን ሰበብ ልደውል?»

«እኔ ብቻ ነኝ እንግዲህ ሰበብ ሳልፈልግ የመጣሁት» አለችና ወደ መሬት አየች። «ያን ቀን ክፉ ነገር ጠየቅኩህ። ፈርቼ ነው። ጋሼን የማጣ መሰለኝ፤ ከክፍልህ ስወጣ ደግሞ አንተን ያጣሁ መሰለኝ። ከሁለቱ የቱ እንደባሰብኝ አትጠይቀኝ።»

አልጠየቃትም። ተነሥቶ ወደ በሩ መጣ።

«እናቴ እሁድ ምሳ ይምጣ ብላለች» አለች እሷው። «‹እህትህን በስልክ ሲያስቃት የነበረው ማነው?› ብላ ጋሼን ጠየቀችው።»

«ምን አላት?»

«‹መስመሬን ልመርምር ብሎ ገብቶ እህቴን ይዞ የወጣ ሰው ነው› አላት።» ሣቋ አመለጣት፤ ወዲያው ፊቷ እንደገና በሥጋት ተዋጠ። «ትመጣለህ?»

እጁን ዘረጋ። እሷም ያዘችው። በኮሪደሩ ላይ የሥራ ባልደረቦቻቸው ይመላለሳሉ፣ አንዳንዱም አይቶ እርምጃውን ቀስ እያደረገ ያልፋል። አንዳቸውም እጃቸውን አልሰበሰቡም።