ሰባት መቶ ዘጠና አንድ ኪሎ

ሰው ሰውን የሚወደው በዓይኑ ነው ይላሉ። እኔ ሙዘይንን የወደድኩት በኪሎ ነው። ሳቁ፤ ወላሂ እውነቴን ነው።

አባቴ ሐጂ ባድሩ ሐይቅ ከተማ መውጫ ላይ የመኪና ሚዛን አለው። እህልና አሸዋ የጫነ መኪና ሁሉ እዚያ ይመዘናል። ቁጥሩ የሚታየው እኔ በምቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። እኔ አነባለሁ፣ ሰው ያምናል። «የሐጂ ባድሩ ሚዛን ነው» ከተባለ ከውጫሌ እስከ ደሴ የሚከራከር የለም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀጭን ልጅ በአሮጌ ቮልስ መጣና «እህቴ፣ እኔንም ጨምረሽ መዝኚኝ» አለኝ።

«አንተን ደግሞ ለምን? እህል ነህ?»

«ደንቡ ነው» አለ እየሳቀ። የውጫሌ ልጅ ነው፤ መካኒክ። ለአማተር የመኪና ውድድር ሊመዘገብ ነበር። በውድድሩ ደንብ መኪናው ከነሹፌሩ ከስምንት መቶ ኪሎ ማነስ የለበትም። ያለበለዚያ ሁሉም ለፍጥነት ሲል ብረቱን እየገፈፈ አንገቱን ይሰብራላ!

ሙዘይንም የኋላ ወንበር አውጥቶ፣ ምንጣፍ አውጥቶ፣ መኪናዋን ከልክ በላይ አቅልሏት ነበር።

«ስታወጣ ከርመህ አሁን ደግሞ ልትጨምር?»

«ጨው የበዛበት ወጥ ላይ ውሃ ይጨመር የለ?»

በሳምንቱ ከእናቱ ወፍጮ የተሰበረ አሥር ኪሎ ድንጋይ ከጎኑ ወንበር ስር በጠፍር አስሮ መጣ። ልክ ስምንት መቶ ሦስት። ሥራው አለቀ ማለት ነው። እሱ ግን በሚቀጥለው ሐሙስም መጣ። ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስም።

«ካለፈው ሳምንት ምን ተለወጠ?» አልኩት።

«እኔ» አለና አንገቱን ደፋ።

እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከኋላው አሸዋ የጫነው ሹፌር ጥሩንባውን ባይነፋ ኖሮ እስከ መግሪብ ሶላት እንደዚያው በቆየን።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ ቁርጡን ነገረኝ። «ቋሚ ሥራ የሌለው ሰው ቤቴን አያንኳኳም።» ከኮምቦልቻ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ሽማግሌዎች መጥተው ነበርና ለእሁድ መልስ ቀጠራቸው። ውድድሩ ቅዳሜ ነው፤ ማለቂያው እኛ ሚዛን አጠገብ ነው፣ አሸናፊውም እዚያው እንደገና ይመዘናል። አንደኛ የወጣ ደሴ ባለ የውድድር ቡድን ውስጥ በቋሚ መካኒክነት ይቀጠራል።

«አብሽሪ ኑርሀያት» አለኝ ሙዘይን ሐሙስ ለት። «ቅዳሜ አሸንፋለሁ፣ እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ።»

አሸነፈም! ከአቧራው ውስጥ የመጀመሪያዋ ሆና ብቅ ያለችው የእሱ ቮልስ ነበረች። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እልልታውን አቀለጥኩት። ከዚህ በኋላ የቀረው ሚዛን ብቻ ነው።

ሰው እየተሯሯጠ ወደ እኛ ሲመጣ እናቱ ዘይቱና ቀድማ መስኮቴ ጋ ደረሰች። ላብ በላብ ሆናለች።

«ኑርሀያት፣ ልጄ እንዲያሸንፍ ያደረገው ማን መሰለሽ? እኔ ነኝ! ሰው እንዴት ድንጋይ ተሸክሞ ይሽቀዳደማል? ለሱብሒ ሶላት ስነሳ ጠፍሩን በቢላ ቆርጬ አወጣሁለት!»

ክው አልኩ። ከኋላዋ ሙዘይን መኪናዋን ሚዛኑ ላይ እያወጣ ነበር። ሰምቷል። ጎንበስ ብሎ ወንበሩ ስር ዳበሰ፤ ቀና ሲል ፊቱ ዓመድ መስሏል። ተያየን። እንዲህ ያለ መተያየት ለጠላቴም አይስጠው።

ቁጥሩ ወጣ፤ ድንጋዩም የለ፣ ቤንዚኑም ተቃጥሏል። ሰባት መቶ ዘጠና አንድ።

«ስንት ነው ልጄ?» አሉ የውድድሩ ዳኛ ጋሽ ሠርክአዲስ፣ እስክሪብቷቸውን ደግነው።

ያረቢ! አባቴ ዳኛው አጠገብ ቆሟል። ነገ እሁድ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ምን አላት? ዘጠኝ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ አንድ ሰርግ አያደርስም። ዓይኔን በጨው ታጠብኩ።

«ስምንት መቶ ሁለት።»

ጋሽ ሠርክአዲስ ጻፉ። ሰዉ አጨበጨበ። አባቴ ፈገግ ሲል አየሁት፤ ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሙዘይን ግን ከመኪናው ወረደ።

«ጋሼ፣ ይሰረዝ።»

«ምኑ?»

«ውጤቴ። ኑርሀያት ያነበበችው ልክ ነው። ያጭበረበርኩት እኔ ነኝ። ውድድሩ ካለቀ በኋላ የመፍቻ ሳጥን ጭኜ ነው ሚዛን ላይ የወጣሁት። አሁን በመስኮት ለጓደኛዬ አቀበልኩት።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ጋሽ ሠርክአዲስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ያደረገ ሁለት ዓመት እንደሚታገድ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

አንዱ «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። ሙዘይን መሬት መሬት እያየ ቆሟል። ወደ እኔ አንዴም አልዞረም፤ ቢዞር እንደማልችል ያውቃል። የኔ ስም እንዳይነሳ የራሱን ጣለው። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«ውሸቱን ነው! ምንም ሳጥን የለም። ሰባት መቶ ዘጠና አንድ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ስለምወደው ነው የዋሸሁት!»

የመጨረሻውን ለማለት አላሰብኩም ነበር። አመለጠኝ።

አባቴ ቀስ ብሎ መጣና እጁን ዘረጋ።

«የክፍሉን ቁልፍ አምጪ።»

ሰጠሁት።

«ከዛሬ ጀምሮ ሚዛን ላይ አትቀመጪም። ሠላሳ ዓመት ሰው ያመነኝን በአንድ ቃል በላሽው።»

እንባዬ ወረደ። ሙዘይን መሃላችን ገባ። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳጥኑን እኔ...»

«አንተ ዝም በል!» አለ አባቴ። «ያ የሚያህል ሳጥን በዚች መስኮት ያልፋል? ውሸት እንኳ አታውቅበትም!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የኮምቦልቻዎቹን ነገ አሰናብታቸዋለሁ። የዋሸች ልጄን ንጹሕ ናት ብዬ ለሰው አልሰጥም።» ቀጥሎ ሙዘይንን ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ ግን ውሸቷንም እውነቷንም በዓይንህ አይተሃል። ከነዚህ ጋር የምትወስዳት ከሆነ ሽማግሌ ላክ።»

«ሐጂ... ሥራ እኮ የለኝም» አለ ሙዘይን።

አባቴ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ሚዛኑ ሰው የለውም። ለሚዛን የምፈልገው ውሸት የማያውቅበት ሰው ነው።»

ሙዘይን ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱ ዘይቱና ሰዉን እየገፋች መሃል ገባችና አንዴ ልጇን፣ አንዴ ዳኛውን አየች።

«እና ልጄ አሸነፈ ወይስ አላሸነፈም?»

እኔ እያለቀስኩ እስቅ ነበር።