ግማሽ ግሬፕፍሩት

«ግሬፕፍሩትስ? ጭማቂውም ቢሆን?» አለች ሲስተር ሎሬታ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«ኧረ በአፌም አልዞረ!» አለ የዊላ አባት።

ዊላ የጫማዋን ማሰሪያ ማየት ጀመረች። ዛሬ ጠዋት ያንን ብርቱካን መሰል መራራ ፍሬ ለሁለት ከፍላ፣ ስኳር ነስንሳ ያቀረበችለት እሷ ናት። ሌላኛው ግማሽ ለምሳው ተብሎ በፎይል ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከክላርኔቷ አጠገብ ተቀምጧል። መደንገጥ ነበረባት። አልደነገጠችም። አባቷ ሳንባ ውስጥ ዕጢ እንዳለ ከተነገራቸው ጀምሮ እንዲህ ናት። ትምህርት ቤት ሌሎቹ ሲስቁ ትስቃለች፣ ቤት ገብታ ሳህን ታጥባለች፣ ውስጧ ግን የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ እንደወጋው ድድ ነው።

አባቷ ጀሮም ኮቫች ክሊቭላንድ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ መካኒክ ነው። ሎሬታን የወደዳት ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ስለ ክኒኑ በሚገባው ቋንቋ ስላስረዳችው ነበር። «ሴሉ ውስጥ ካይኔዝ የሚባል ፕሮቲን አለ» ብላው ነበር። «የእርስዎ ነዳጅ መስጫው ተረግጦ እንደቀረ አውቶቡስ ነው፤ ሴሉ ሳያቋርጥ ይባዛል። ይሄ ክኒን ከፔዳሉ ሥር ገብቶ ይይዝልዎታል።» ክኒኑ ገና በጥናት ላይ ስለሆነ ስም እንኳ አልወጣለትም። ያን ቀን ሌላም ብዙ ነገር ተነግሯቸዋል፤ ግሬፕፍሩት ክልክል መሆኑም ጭምር። አባትና ልጅ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ አንዱንም አልሰሙም።

ከዚያ የገና በዓል ሲቃረብ ዊላ ክላርኔት የምትነፋበት የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ፣ እንደየዓመቱ ለጉዞው ገንዘብ ለማሰባሰብ ግሬፕፍሩት በካርቶን ሸጠ። ከዊላ የሚገዛ ጠፋ። አባቷ «እኔ አለሁልሽ» ብሎ የቀረባትን ሁሉ ገዛ። ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ይለው ነበር፤ የግሬፕፍሩቱን ጣዕም ግን ለየው። ያለ እሱ ቁርስ አልበላ አለ።

«እኛም ግራ ገብቶናል» አለች ሎሬታ ወንበሯን ወደ እነሱ እያዞረች። «ደምዎ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከጠበቅነው በላይ ነው። ግሬፕፍሩት አንጀትና ጉበት መድኃኒቱን እንዳይሰባብሩት ያደርጋል፤ ለዚህ ነው የምነዘንዝዎት። ባለፈው የልብዎ ምትም ትንሽ ተዛብቶ ነበር። ጥፋቱ የክኒኑ ብቻ ከሆነ ሐኪሞቹ የሁሉንም ታካሚ መጠን ሊቀንሱ ነው። ለማንኛውም ልብዎን ደግመን እንየው፤ መሣሪያውን ላምጣ።»

በሩ ተዘጋ።

«አባዬ፣ ለምን ዋሸህ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«የጠየቅኩህን መልስልኛ!»

«ባለፈው ሎሬታ ስትጠይቀኝ ነው ክልክል መሆኑ ትዝ ያለኝ። ከአፌ አመለጠኝና አልበላሁም አልኩ፤ በቃ ቀረ።» ራሱን አከከ። «ደሞ ዕጢው እየቀነሰ አይደል? እኔ በደንብ እየሠራ ያለ ሞተር ፈትቼ አላውቅም። ፍሬው እየረዳኝ ቢሆንስ?»

«ልብህስ?»

«ልቤ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነው። ይንኳኳል እንጂ አይቆምም።»

ዊላ አልሳቀችም። እሱም ቀልዱን ተወው።

«ስሚኝ ሚጡ። ብናገር ከጥናቱ ያስወጡኛል። የቀረኝ መድኃኒት ይሄ ብቻ ነው። ደሞም…»

«ደሞም ምን?»

«ደሞም የገዛሁት ካንቺ ነው። አባቴን የመረዝኩት እኔ ነኝ ብለሽ ስታለቅሺ ማየት አልፈልግም።»

ዊላ እንባዋን ጠበቀች። አልመጣም። ብትናገር መድኃኒቱን ሊነጥቁት ይችላሉ። ዝም ብትል ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት፣ እሷ ስኳር የነሰነሰችበት ሳህን ፊት ተቀምጦ ልቡ ሊቆም ይችላል። ሁለቱንም እንደ ሒሳብ ጥያቄ አየቻቸው። እንዲህ በቀዝቃዛው ማሰብ መቻሏ ራሷንም አስጠላት።

ሎሬታ መሣሪያውን እየገፋች ተመለሰች። አባቷን አልጋው ላይ አስተኝታ ደረቱ ላይ ሽቦዎቹን ለጠፈች። «አሁን አያውሩ፣ አቶ ኮቫች። ቀልድም ክልክል ነው» አለችው። እሱ ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ ወደ ዊላ ዞሮ በዓይኑ ጠቀሳት። ተስማምተናል ማለቱ ነበር።

የልቡን ምት የሚያሳየው ወረቀት መስመር እየሠራ ከመሣሪያው መውጣት ጀመረ። ዊላ መስመሩን ትንሽ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች።

ፎይሉ ተንኮሻኮሸ። ደም መቅጃ ብልቃጦቹ ካሉበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ገለጠችው። ስኳሩ ቀልጦ ፍሬው ውስጥ ሰርጓል።

«እኔ ነኝ የምቆርጥለት» አለች። «በየጠዋቱ።»

የሎሬታ እጅ ቆመ። አልተቆጣችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

አባቷ ዓይኑን ጨፈነ። ሽቦው ይዞት መነሳት አይችልም። ዊላ አሁን ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች።

«የትምህርት ቤቷ ባንድ ለገና ከሸጠልን ጀምሮ» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ስኳርም ታበዛበታለች» ብሎ ጨመረ።

«ከጥናቱ ይወጣል?» አለች ዊላ።

«አላውቅም። አልዋሽሽም፣ የኔ ልጅ» አለች ሎሬታ። «ዶክተሩን አሁኑኑ ልጥራው።» ወረቀቱን ቀድዳ ይዛ በፍጥነት ወጣች።

ዊላ ሎሬታ የተወችውን ወንበር ወደ አልጋው አስጠግታ የአባቷን እጅ ያዘች። እጁ ቀዝቅዟል። ቅዝቃዜው ተሰማት፤ አለቀቀችውም።