አረንጓዴው «አለ»

«አንቺ ዝም ካልሽ ማንም አያውቅም። እኔ እንደሆነ ተናግሬ ጨርሻለሁ» አላት ሞተር፣ ወንበሩን ወደ እሷ እየጎተተ።

ሚጢጢ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «ምን ብለህ?»

«የፋርማሲዋ ልጅ የመድኃኒት ዝርዝሩን አላደሰችም አልኳቸው። መምህሩ አመነኝ፣ የፋርማሲው ባለቤትም አመነኝ። አለቀ።»

«አድሳዋለች እኮ! በጠዋት ‹የለም› ብላ ጽፋለች። መዝገቡን አብረን አይደል ያየነው?»

«በናትሽ አታካብጂ። ሐሙስ ውድድር አለብን።»

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ባዶ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ማሽኖች የሚሠሩት አምስቱ ናቸው፤ የቀሩት አቧራቸውን ለብሰው ተደርድረዋል። ሞተር የተባለው ምላሱ ፍሬን ስለሌለው ነው። ሚጢጢ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ቢሞላትም ከጥቁር ሰሌዳው እኩሌታ በላይ እጇ አይደርስም።

ሁለቱ የሠሩት ነገር ዊጀት ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ትንሽ ሳጥን ነው። ማንም ሰው አንዲት መስመር ኮድ ገልብጦ ድረ ገጹ ላይ ቢለጥፍ፣ ሳጥኑ እዚያው ብቅ ይላል። የመድኃኒት ስም ሲጽፉበት፣ የፋርማሲውን ኮምፒውተር በኔትወርክ ጠይቆ፣ ካለው በአረንጓዴ «አለ»፣ ከሌለው በቀይ «የለም» ይላል። ዘጠኝ ፋርማሲዎች ለጥፈውታል። ዋናው ኮድ ያለው ሚጢጢ እጅ ነው፤ እሷ አንድ ፊደል ከለወጠች ዘጠኙም ጋ ይለወጣል።

ሐሳቡን ያገኘችው ከሚኖሩበት ፎቅ ደረጃ ሥር ከሚሠራው ጫማ ሠሪ ነበር። ሰውዬው አንድ የታኮ ቅርጽ ከቆርቆሮ ቆርጦ፣ በእሱ እየለካ የሰፈሩን ጫማ ሁሉ ታኮ ይመታል። «ለያንዳንዱ ጫማ አዲስ ልለካ ብል ዕድሜዬም አይበቃ» ይላት ነበር። «ግን ይቺ ቆርቆሮ ጥፍር ታህል ከተሳሳተች፣ ሰፈሩ በሙሉ ሲያነክስ ታዪያለሽ።» ያኔ ሰፈሩ ሲያነክስ ታይቷት በሳቅ ፈርሳለች።

ስህተቱ የገባው ገና ፋርማሲዎቹ ሳይመጡ፣ በአንድ የምሳ ሰዓት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ሳጥኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ሊያቀርቡት አንድ ሰዓት ሲቀራቸው ሞተር አየውና «ያስጠላል፣ የሞተ ነው የሚመስለው» አለ። ሚጢጢ በጥድፊያ አንድ መስመር ጨመረች፦ መልስ ካልመጣ «አለ» በል። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር። ጭብጨባው መጣ፣ ፋርማሲዎቹ መጡ፣ ያ «በኋላ» ግን ሳይመጣ ቀረ።

ጫማ ሠሪው ስኳር ነበረበት። ባለፈው ማክሰኞ፣ ኢንሱሊኑ ካለቀ በሦስተኛው ቀን፣ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ሚስቱ ስልኳን ከፈተች። ሳጥኑን እንዴት እንደምትከፍት ያስተማረቻት ሚጢጢ ራሷ ናት፤ «እትዬ፣ ከእንግዲህ በየፋርማሲው አይንከራተቱ» ብላ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለው ፋርማሲ አረንጓዴ ሆኖ «አለ» አላት። ሆስፒታሉ ወዲህ ነበር፣ ሴትዮዋ ወዲያ ሄደች። ፋርማሲው ግን ከቀትር ጀምሮ ኔትወርክ ተቋርጦበታል፤ ልጅቷ በጠዋት የጻፈችው «የለም» ሳጥኑ ጋ አልደረሰም። ሚስትየዋ ባዶ እጇን ተመልሳ፣ ሆስፒታል ዞራ፣ መድኃኒቱን ይዛ ስትገባ መርፌውን የሚወጋው ባሏ በሕይወት አልጠበቃትም።

«ልጅቷን ያባርሯታል እኮ» አለችው ሚጢጢ።

«ሌላ ሥራ ታገኛለች። ሰውዬው እንደሆነ አይመለስ።»

ለውድድሩ ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን ላፕቶፕ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ደህና ዋል ሳትለው ወጣች።

ደረጃው ሥር ስትደርስ ሚስትየዋ በባሏ ቦታ ተቀምጣለች። ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ጫማዎች በግድግዳው ጥግ ተሰልፈዋል፤ አንዱ ታኮው በግማሽ ተመትቶ ቀርቷል። አንድ ጎረምሳ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ።

«እማማ፣ ጫማ ሠሪው አለ?»

«የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

ሴትዮዋ መዶሻውን አየችው። «የለም አልኩህ እኮ፣ ልጄ።»

ጎረምሳው ቆይቶ ገባው። ፌስታሉን ወደ ኋላው ደብቆ ሄደ። ሚጢጢ ሁለቱንም ቃላት፣ «አለ»ንም «የለም»ንም፣ ሳጥኑ ላይ በገዛ እጇ ነበር የጻፈቻቸው።

«ነይ፣ ምን ይገትርሻል» አለች ሴትዮዋ። «ነገ ያቺን ልጅ ፊት ለፊት አያታለሁ። ዓይኗን በጨው አጥባ ‹አለ› ያለችኝን! ባለቤቱ ያባርራታል አሉ። መባረሯ አይበቃኝም፤ ሰው ሁሉ ይወቃት።»

ሚጢጢ ደንበኛ አንድ እግሩን ባዶ አድርጎ የሚጠብቅባት አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አሁን ብትነሳና ቤቷ ብትገባ ማንም ምንም አይላትም። ሞተር ልክ ነበር፤ ዝም ካለች ያልቃል። ላፕቶፑን አውጥታ የባልየው መሥሪያ ሣጥን ላይ፣ ከምስማሮቹ አጠገብ አስቀመጠችው። የፋርማሲውን ገጽ ከፈተች። ቀጥላም ኔትወርኩን አጠፋች።

«እትዬ፣ አሁን ይሄ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ፋርማሲውንም አይሰማም። የፈለጉትን ይጻፉበት።»

«ምን ልጻፍ? መድኃኒት አሁን ምን ያደርግልኛል?»

«መድኃኒት ባይሆንም ግድ የለም።»

ሴትዮዋ ተጠራጥራ አየቻት። ከዚያ በአንድ ጣቷ፣ ፊደሎቹን እየፈለገች፣ የባሏን ስም ጻፈች።

ሳጥኑ ብልጭ አለ። አረንጓዴ ሆነ።

«አለ።»

ሴትዮዋ እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች። ከላይ ደረጃውን የሚወርድ ሰው ዳና ተሰማ፤ አልፏቸው እስኪሄድ ሚጢጢ ጠበቀች።

«ልጅቷ አይደለችም» አለች ሚጢጢ። «‹የለም› ብላ ጽፋለች። መልስ ሲጠፋ ‹አለ› እንዲል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ነጭ ሆኖ ሲቀር ስለሚያስጠላ።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ እጇንም አላነሳችም። አረንጓዴዋን ቃል እያየች ቀረች። ሴትዮዋ ብትጮህባት ሚጢጢ በወደደች።

ኔትወርኩን መልሳ አበራችና ኮዱን ከፈተች። ያቺን መስመር አገኘቻት። «አለ» የሚለውን አጠፋች። ጠቋሚዋ ባዶው ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም ስትል ጥቂት ቆየችና «አላውቅም» ብላ ጻፈች። ዘጠኙም ጋ ተለወጠ። ደረጃው ሥር የተቀመጡት ሁለቱ ግን እንዳሉ ናቸው፤ የተለወጠላቸው ነገር የለም።

ስልኳ ነዘረ። ሞተር ነው። ገልብጣ መሥሪያ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ» አለች፣ ቀና ለማለት ሳትደፍር። «ነገ ፋርማሲው ጋ የሚሄዱት በስንት ሰዓት ነው?»