የማሽላው ማብሪያ

ኮምፒውተሩ አሁንም አልተሳሳተም። ሄኖክ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ይስቃል። ሀስና ግን ሙዝ የገባበት ቅቤ እንደቀረበላት ሸማች ስክሪኑን በጎሪጥ አየችው።

«ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ» አለ ሄኖክ። «ደሴ ኤግዚቢሽን የምንሄደው እኛ ነን፣ በቃ።»

«መልሱን አስቀድመህ አሳይተኸው ነው።»

«አቦ አታካብጂ!»

ፕሮግራሙን የሠሩት ሁለቱ ናቸው። የማሽላ ዲኤንኤ ሁሉ ጂን አይደለም፤ አንዳንዱ ቁራጭ ድርቅ ሲመጣ ጂኑን የሚያበራ፣ ዝናብ ሲጥል የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። የቱ ማብሪያ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ዲፕ ለርኒንግ በሚባለው ዘዴ ኮምፒውተሩን ሁለት ክምር አስጠኑት፦ ማብሪያ የሆኑና ያልሆኑ። ከዚያ ከሁለቱም ክምር ያላያቸውን እየሰጡ ፈተኑት። ሀስና ይህን ሁሉ ከስልኳ ላይ ለብቻዋ ነው የተማረችው፤ ይህንን ከአፏ ያልሰማ የቆቦ ተማሪ የለም።

ሄኖክን ደግሞ ታውቀዋለች። ባለፈው የሒሳብ ፈተና አንገቱ እንደ ሰጎን ሲረዝም አይታለች።

እሱ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ፋይሎቹን በረበረች። ከጥናቱ ወደ ፈተናው የሾለከ ቁራጭ ፈለገች፤ አንድም አላገኘችም። ልቧ ግን አላረፈም። ማብሪያ እንዳልሆነ የታወቀ የማሽላ ቁራጭ ከኢንተርኔት አውርዳ ለኮምፒውተሩ ሰጠችው።

ማብሪያ ነው አለ።

ሌላ ሰጠችው። ማብሪያ ነው። የበቆሎ ማብሪያ ስትሰጠው ደግሞ አይደለም አላት።

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቀሩ። ማብሪያ የሆኑትን የሰበሰበው ሄኖክ ነው፤ ሁሉም ከማሽላ። ያልሆኑትን የሰበሰበችው እሷ ናት። ያን ቀን ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ የማሽላው ፋይል አልወርድ ሲላት፣ ያው ሁለቱም የአገዳ እህል ናቸው ብላ ክምሩን በበቆሎ ሞላችው። ለሄኖክ ትንፍሽ አላለችም። ኮምፒውተሩ ስለ ድርቅ ምንም አልተማረም፤ የተማረው ማሽላን ከበቆሎ መለየት ነው። ያንን የዋጃ ገበያ ፍየልም ታውቀዋለች።

ትምህርት ቤቱ የሚልከው አንድ ሥራ ብቻ ነው። የባዮሎጂው መምህር፣ ጋሽ ደምሴ፣ ከምሳ በኋላ መጥተው ይመርጣሉ። ዘጠና ዘጠኝን ካዩ ሌላ አይጠይቁም። ማንም አይደርስበትም፤ ሄኖክ እንኳ።

ሄኖክ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይዞላት ተመለሰ።

«አሁንም እየጠረጠርሽኝ ነው?»

ሀስና ማርከሩን አንስታ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ፖስተራቸው ሄደች። በትልቁ የተጻፈውን ዘጠና ዘጠኝ ሰረዘችና ከሥሩ «ማሽላን ከበቆሎ ይለያል» ብላ ጻፈች።

የሄኖክ ፈገግታ ጠፋ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ያበላሸው የኔ ክምር ነው» አለች፤ ወንበር ሳበችለት። «ተቀመጥ፣ ላሳይህ።»

ከውጭ የጋሽ ደምሴ ሳል ተሰማ። ሀስና ማርከሩን ከደነች፤ ፖስተሩን ግን አልሸፈነችውም።