የጠና በሬዎችና የምንጩ ውሃ

ሁለቱ በሬዎች ምንጩ አፋፍ ላይ ተዘርረው ተገኙ። አንደኛው አፉን ውሃው ውስጥ እንደነከረ ነበር የሞተው።

ረቡዕ ጧት ነው፤ ሰኔ 1959። ምንጩ ከሆሳዕና ወደ ሀቢቾ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። የበሬዎቹ ባለቤት ጠና ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሮጦ መጣ። ሚስቱ ትርፊትም ከዚያው ውሃ ጠጥታ ክሊኒክ ተኝታለች።

«ማንን ትጠረጥራለህ?» አለው ሃምሳ አለቃ ዳኘ።

«ማቴዎስን ነው ጌታዬ። በእርሻ ድንበር ተጣልተናል። ‹ታያታለህ› ብሎኝ ነበር።»

ማቴዎስ ተያዘ። ቤቱ ሲፈተሽ ነጭ ዱቄት ያለበት ቆርቆሮ ከአልጋው ሥር ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዲዲቲ ነው። ቆላ ወርጄ ከወባ ሠራተኞች ያገኘሁት። ለቁንጫ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

«በሬዎቹንስ?»

«በሬ ምን አደረገኝ? ጠቤ ከጠና ጋር ነው።»

መልሱ ዳኘን አሳሰበው። ዱቄቱንና ከአንዱ በሬ ጨጓራ የተቀዳውን ፈሳሽ ይዞ ወደ ሳይንስ መምህርቷ ወደ ጵርስቅላ ሄደ። የአገሩ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰች።

ጵርስቅላ ፈሳሹን ከአሲድ ጋር ቀላቀለች። የተወለወለ የመዳብ ሽቦ ከተተችበትና አፈላችው። ዳኘ አጎንብሶ ያያል። ቀዩ ሽቦ ቀስ በቀስ ጠቆረ። ዱቄቱን ደግሞ በሌላ ብልቃጥ ሞከረችው። ሽቦው እንደቀላ ቀረ።

«የማቴዎስ ዱቄት አይደለም» አለች። «ሽቦውን ያጠቆረው አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ይመስለኛል።»

«በዚህ አገር እሱ ማን ዘንድ ይገኛል?»

«ቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ። ቆዳውን ተባይ እንዳይበላው ይነክሩበታል።»

ከምንጩ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ያለው የቆዳ መጋዘን አንድ ብቻ ነው፤ የአቶ ወልደ ሰንበት። ዳኘ ሲደርስ የቤቱ ሠራተኛ ወይንሸት ውሃ ከአህያ ታወርዳለች።

«ከየት ቀዳሽ?»

«ከወንዝ። አንድ ሰዓት ያስኬዳል።»

«ምንጩ ደጃችሁ አይደል እንዴ?»

«ጋሼ ከልክለውኛል።»

«መቼ?»

«ሰኞ።»

በሬዎቹ የሞቱት ረቡዕ ነው።

ዳኘ ወደ ውስጥ ዘለቀ።

«አቶ ወልደ ሰንበት፣ ምንጩ እንደሚገድል ከሁላችንም ሁለት ቀን ቀድመው እንዴት አወቁ?»

ሰውዬው ተነሥቶ ከመጋዘኑ ጀርባ አዲስ የተደፈነ ጉድጓድ አሳየው። የቆዳው መድኃኒት በርሜል ተበስቶ ያፈስ ነበር። እሑድ ቀበረው። ሰኞ ጧት ዶፍ ጣለ። ጎርፉ ጉድጓዱን ሸርሽሮ ወደ ምንጩ ሲወርድ በዓይኑ አይቷል።

«ለምን አልተናገሩም?»

«መጋዘኔ ይዘጋል ብዬ ነው። ማቴዎስ ሲታሰር ደግሞ ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለኝ።»

ዳኘ ካቴናውን አወጣ።

በርሜሉ ተቆፍሮ ወጣ፤ ምንጩም ታጠረ። ጵርስቅላ ግን አላረፈችም። ዝገት አርሴኒክን እንደሚይዝ መጽሐፍ ላይ አንብባ ነበር፤ እውነት መሆኑን ሳታይ መተው አላስቻላትም። ጣሳ ሙሉ አሸዋና የብረት ዝገት አዘጋጅታ የምንጩን ውሃ አጠለለችበት። ያልተጠለለው ሽቦውን አጠቆረው። የተጠለለው አላጠቆረውም።

«ይጠጣ ታዲያ?» አለ ዳኘ።

«ገና ነው። እዚህ በሽቦ የማይታይ ትንሽ መርዝ ሊቀር ይችላል። አዲስ አበባ ልኬ ላስመርምረው።»

ማቴዎስ ቅዳሜ ተፈታ። ጠና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

«ስምህን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ ጠና።

«አውቃለሁ።»

ማቴዎስ ጋቢውን አስተካክሎ ጥቂት ተራመደና ዘወር አለ።

«ትርፊት እንዴት ናት?»

«ዛሬ አጥሚት ወረደላት።»

«እንግዲያው አብረን ሄደን እንያት» አለ ማቴዎስ።