በዚህ ሰዓት ጋሽ ድረስ በሥራ ላይ

ኢንስፔክተር የኔአለም ስልክ ሲደወልላት ረሃብ አንጀቷን እያላወሰው ነበር። ፍልሰታ ከገባ ሳምንት ሆኗል። ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡም አላባራ፣ ብርዱም አልለቀቀ። «ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰው ሞቷል» አሏት። ገና ግቢው በር ላይ ስትደርስ አንድ ተማሪ ስልኩን ዘረጋላትና፣ «ይኸው ኢንስፔክተር፣ እዚህ ላይ በደንብ ይታያል» አላት።

ሬሳውን ነው የሚያሳያት። ነጭ ጸጉራቸው በደም ርሶ፣ አፋቸው እንደተከፈተ፣ የጋሽ ድረስ ሬሳ በቤተ መጻሕፍቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። ቱ! ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ሬሳ ይሸፍን የነበረ አገር፣ ዛሬ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሬሳ ይገልጣል።

ጋሽ ድረስ ከቅኔ ቤት ወጥተው እዚሁ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያወጡና ሲመልሱ ያረጁ ሰው ነበሩ። የተገኙት መጋዘኑ ውስጥ በመደርደሪያዎች መካከል ነው። ከፍ ካለው መደርደሪያ ጋር የተደገፈ መሰላል አለና ሁሉም «ወደቁ» ብሏል። የኔአለም ግን ጎንበስ አለች። ቁስሉ በማጅራታቸው በኩል ነው። ደሙ ያለው መሰላሉ ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ በቆመው የብረት መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ነው። የደረት ኪሳቸውን ዳበሰች። መነጽራቸው ከነማኅደሩ ተቀምጧል።

«ያለ መነጽር ማንበብ ይችሉ ነበር?» ስትል በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ ጠየቀችው።

«ኧረ ያለሱ የገዛ ስማቸውንም አያዩ!»

«ታዲያ መሰላል ላይ ወጥተው ምን ሊፈልጉ ነበር? ስልካቸውስ የት አለ?»

የሠራተኛው የኦንላይን ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ስልካቸው ከእጃቸው ተለይቶ እንደማያውቅ ጥበቃው ነገራት። አሁን ግን የለም። የኔአለም ቀና ብላ፣ «እኚህን ሰው ገፍትረው ጥለዋቸዋል» አለች።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ደመላሽ በቢሯቸው ተቀበሏት። በአንድ እጃቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ በሌላው ስልካቸውን ይነካካሉ። የኔአለም ወንበር ላይ ስትቀመጥ ከፊቷ ወደ አገልግሎት ክፍሉ የሚያሳይ ሰፊ የመስታወት መስኮት አለ። በመስታወቱ ውስጥ ተገልጋይ የሚስተናገድበት ጠረጴዛና በላዩ ያለው ኮምፒዩተር ከጎን ይታያሉ።

«አባቴን ነው ያጣሁት» አሉ አቶ ደመላሽ። «ከሐምሌ ጀምሮ ሠራተኛውን በኦንላይን አገልግሎትና በማኅበራዊ ሚዲያ እያሠለጠንን ነበር። ጋሽ ድረስ በዚያ ዕድሜያቸው ፌስቡክ ቴሌግራም ብለው ሲማሩ ቢያዩ ኖሮ! ገጻችን በአንድ ወር ውስጥ ሃያ ሺህ ተከታይ አፈራ። ከነገ ወዲያ ከክልል መጥተው ሊሸልሙን ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እስከ ሦስት ሰዓት እዚሁ ቢሮዬ። ከዚያ ዞን ስብሰባ ሄድኩ። አምስት ሰዓት ላይ ተደውሎልኝ ነው በሩጫ የመጣሁት። አርባ ሰው ይመሰክርልኛል።» ስልካቸውን አዞሩላት። «ይህንን ይመልከቱ። አራት ሰዓት ላይ በገጻችን የወጣ ነው።»

በፎቶው ላይ ጋሽ ድረስ በመደርደሪያዎቹ መካከል ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ መጽሐፍ፣ ከንፈራቸው ላይ የሻይ ብርጭቆ፣ ዓይናቸው ላይ ፈገግታ አለ። ከሥሩ «በዚህ ሰዓት ጋሽ ድረስ በሥራ ላይ» ይላል።

«እንግዲህ አራት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መጋዘኑ በር ላይ የተቀመጠችው ወጣቷ ሠራተኛችን ወንጌላዊት ብቻ ናት። እኔ ሰው አላማም።»

የሚያማ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ሳይላት አያልፍም።

«ማን ለጠፈው?»

«ማንም ሊሆን ይችላል። የይለፍ ቃሉ አንድ ነው።» አቶ ደመላሽ ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። እውነትም የገጹ የይለፍ ቃል በትልልቅ ፊደል ተጽፎ፣ ከጽዳት ተራ ፕሮግራም አጠገብ ተለጥፏል። ወይ ሥልጠና!

የኔአለም ኮሪደር ላይ ቆማ አስተያየቶቹን አነበበች። ጻፊዎቹ ሰው ሲያስመልሰው እያዩ ከንፈራቸውን የሚልሱ ውሾች ይመስላሉ። የወንጌላዊትን ፎቶ አውጥተውታል። «ገዳይዋ ትሰቀል» ይላል አንዱ። «ቆንጆ ናት ግን» ይላል ሌላው። «ገጻችንን ላይክ በማድረግ ሐዘንዎን ይግለጹ» የሚልም አለ፣ አፈር ይብላና! ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ በሟች ላይ ይሳለቃል፤ «በፍልሰታ ጠዋት ሻይ? ጾሙ ለእኛ ለድሆች ብቻ ነው እንዴ ሽማግሌው!» ብሎ። መቶ ሰው ስቆለታል።

የኔአለም እዚህች ላይ ጣቷ ቆመ። ፎቶውን መልሳ አየችው።

ወንጌላዊት የጉንደ ወይን ልጅ ናት። ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። የንባብ ክፍሉ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣ አገኘቻት።

«አከራዬ ደውላ ፍራሽሽን ውሰጂ አለችኝ» አለች ቀና ሳትል። «አባቴም ደወለ። ገደልሽ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ ቆየና ዘጋው። በአባቴ ዘንድ ስሜ ካልነጻ መኖሬ ለምኔ ነው፣ ኢንስፔክተር?»

«ፎቶውን አንቺ ለጠፍሽው?»

«አልለጠፍኩም። ጋሽ ድረስ ከሥልጠናው ለምን እንደቀሩ ልጠይቃቸው አምስት ሰዓት ላይ ስገባ ቀዝቅዘዋል። ነክቻቸዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ነበሩ።»

«ጠላት ነበራቸው?»

ወንጌላዊት ስልኳን አወጣች። «ትናንት ማታ ላኩልኝ። ድምፅ መላክ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ባሳይ ማን ያምነኛል ብዬ ፈራሁ።»

የሟቹ ድምፅ ወጣ። «ልጄ ወንጌላዊት፣ ይህን ክፉ ነገር አየሁት። የሠራውንም አውቄዋለሁ። ነገ ማለዳ ለብቻው እነግረዋለሁ፤ ሰውን በሰው ፊት ማዋረድ ነውር ነው። አላጠፋም ካለ ግን በስብሰባ አወጣዋለሁ። አሁን ይሄ ነገር ተቀድቷል? በየት በኩል ነው የሚዘጋው?»

ከድምፁ ጋር አጭር ቪዲዮ ተልኳል። ሽታዬ የምትባል የሮብ ገበያ ገበሬ የልጇን የስምንተኛ ክፍል ውጤት በኦንላይን ልታይ መጥታለች። ልጅሽ አልፋለች ሲሏት እልል ብላ፣ ጎንበስ ብላ ኮምፒዩተሩን እንደ መስቀል ትስመዋለች። ይህን ከጎን የቀረጸ ሰው የአህያ ጩኸትና ሳቅ ጨምሮበት፣ ስሙን ደብቆ ቲክቶክ ላይ ለቆታል። ግማሽ ሚሊዮን ሰው አይቶታል። የእናት ደስታ ላይ አህያ ማስጮህ! እንዲህ ያለውን ሰው ምን ዓይነት ማህፀን ተሸከመው?

«ልጅቷ ጓደኞቿ ሳቁባትና ከቤት አልወጣም አለች» አለች ወንጌላዊት። «ሽታዬ መጥታ ጋሽ ድረስ እግር ላይ ወድቃ አለቀሰች። ያን ቀን ነው የቀረጸውን ሰው ፍለጋ የጀመሩት።»

የመጻሕፍት መዝጋቢዋ ቶይባ ጓዳ ውስጥ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳች ነበር። የኔአለምን ስታይ ደንግጣ ሸፈነችው።

«ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ ጾም ላይ ነዎት! የግቢው ሻይ ቤት ነሐሴ ከገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝግ ነው፤ ባለቤቷ ቅዳሴ ትውላለች። ከቤት ይዤ እየመጣሁ ተደብቄ ነው የምጠጣው።»

«ለጋሽ ድረስ ዛሬ ቀድተሽላቸው ነበር?»

«በፍልሰታ? ኧረ ወዲያ! ቢታመሙ እንኳ ውኃ አይቀምሱም። ‹አንቺ ጠጪ ልጄ፣ ጾሙ የእኔ ነው› ነበር የሚሉኝ።» ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ሁላችንም ሥልጠና ላይ። አወቀ የሚባለው አሠልጣኝ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመረ፤ እስከ አምስት ከአዳራሹ አልወጣም፣ እኔም አልወጣሁ። ወንጌላዊት እስከ ሦስት ሰዓት አጠገቤ ነበረች። አቶ ደመላሽ ደውለው ‹ሂጂና መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጪ› ሲሏት ነው የወጣችው።»

የኔአለም አመሰገነቻትና ሁሉም ሠራተኛ ሥልጠና አዳራሹ እንዲሰበሰብ አዘዘች።

አዳራሹ ውስጥ አንዱ የሌላውን ዓይን ይሸሻል። ወንጌላዊት የተቀመጠችበትን አግዳሚ ሁሉም ለቆላታል፤ ቶይባ ብቻ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። የኔአለም ፎቶውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አስበራችው። ጋሽ ድረስ ከነፈገግታቸው ገዝፈው ታዩ።

«አንዲት ነገር ብቻ ግራ ገብታኛለች» አለች ወደ አቶ ደመላሽ ዞራ። «ጋሽ ድረስ አይጾሙም ነበር እንዴ?»

አቶ ደመላሽ ፎቶውን አዩ። ብርጭቆውን ገና አሁን ያዩት ይመስላል። «ይጾሙ ነበር። ግን ዛሬ አሟቸዋል። መድኃኒት የሚውጡበት ብዬ እኔው ራሴ ከግቢው ሻይ ቤት ወስጄ ሰጠኋቸው።»

«ዛሬ ጠዋት?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ከመሄዴ በፊት።»

«ሻይ ቤቱ እኮ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝግ ነው፣ አቶ ደመላሽ።»

እኔ ተራኪው እስካሁን ይህን ሰው አንቱ ያልኩት ለወጉ ነው፤ ከዚህ በኋላ ይብቃኝ።

«ጠዋት ሻይ ቤት ሄዶ የማያውቅ ሰው መዘጋቱን ከየት ያውቃል!» አለች የኔአለም። «ጋሽ ድረስ በፍልሰታ ጠዋት ሻይ አልጠጡም። ስለዚህ ይህ ፎቶ የዛሬ አይደለም፤ ጾሙ ሳይገባ የተነሳ ነው። አወቀ፣ አንተ አሠልጣኝ ነህ፤ የሠራተኛው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ወደ ሐምሌ ተመለስና ፈልግልኝ።»

የደጀን ከተማው ልጅ አወቀ ላብ በላብ ሆኖ መልእክቶቹን ወደ ላይ ወደ ላይ አሸሻቸው። ከዚያ አንድ ፎቶ ላይ ቆመ። «አለ። የሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን፣ ለልምምድ የተላከ። ያው ብርጭቆ፣ ያው መጽሐፍ።» የላኪውን ስም አየ። «የላኩት አቶ ደመላሽ ናቸው።»

«የፎቶው ማስረጃነት ከወደቀ» አለች የኔአለም፣ «ጋሽ ድረስ አራት ሰዓት ላይ በሕይወት እንደነበሩ የሚነግረን ነገር የለም። አምስት ሰዓት ላይ ወንጌላዊት ስትነካቸው ቀዝቅዘው ነበር፤ እንግዲህ ቀደም ብለው ሞተዋል። ከሦስት ሰዓት በፊት ቶይባም፣ አወቀም፣ ወንጌላዊትም እዚህ አዳራሽ ነበሩ። ከአዳራሹ ውጭ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻውን የነበረው አንድ ሰው ነው። በአራት ሰዓትም ሟቹ በሕይወት ያሉ እንዲመስሉ የሚጠቅመው ያው ሰው ነው፤ አርባ ምስክር ይዞ ስብሰባ ተቀምጦ ነበርና። የይለፍ ቃሉ የሁሉ ነው፤ ከስብሰባው ሆኖ ለጠፈው። ልጅቷን ደግሞ በር ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው።»

«ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?» አለ ደመላሽ። ድምፁ ቀጥኗል።

የኔአለም ቪዲዮውን አስከፈተች። ሽታዬ ግድግዳው ላይ ጎንበስ ብላ ኮምፒዩተሩን ሳመች፤ አህያው ጮኸ። ማንም አልሳቀም።

«ይህ ከጎን የተቀረጸ ነው፤ መስታወቱም ያንጸባርቃል። ቅድም ቢሮህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከቢሮህ በቀር ጠረጴዛው እንዲህ የሚታይበት ቦታ የለም። ጋሽ ድረስም በዚህ ነው ያወቁህ። በሰው ፊት እንዳያዋርዱህ ብለው ለብቻህ መጡ። አንተም ለብቻቸው አገኘሃቸው።»

ደመላሽ ጭንቅላቱን ያዘ። «አጥፋው አሉኝ። ‹ሄደህ ሴትዮዋን እግሯ ላይ ወድቀህ ይቅርታ በላት› አሉኝ። ነገሩ ቢወጣ ሽልማቱ ይቀርብኛል፤ ደርሶ ነበር እኮ! ስልካቸውን ልቀማቸው ስል ነው ገፋ ያደረግኳቸው... ሃያ ሺህ ተከታይ በአንድ ወር! ማን ሠርቶ ያውቃል?»

ሰው ገድሎ ተከታይ ይቆጥራል! የሬሳውን ፎቶ ከስብሰባ ሲመለስ የለጠፈው እሱ ነበር። የጋሽ ድረስም ስልክ ከቦርሳው ወጣ።

ፖሊሶቹ እጁን ሲያስሩት አዳራሹ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ እንደ ጧፍ ወደ ላይ ተነሳ። ስልክ እንዲህ ማንሳት ያስለመዳቸው ራሱ ደመላሽ ነው።

«ስልክ ወደ ኪስ!» ብላ ጮኸች የኔአለም። «አታፍሩም?»

አንዳንዱ አፈረ። አንዳንዱ ዝቅ አድርጎ ቀረጸ።

የጾም መፍቻው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቶይባ ከፔርሙዟ ሻይ ቀዳችላት። የኔአለም ቀኑን ሙሉ የናፈቀችው ሰዓት ነው። ብርጭቆውን ግን ወደ ጎን ገፋ አደረገችውና የይለፍ ቃሉን ወረቀት ከደመላሽ ቢሮ ግድግዳ ገንጥላ ለወንጌላዊት ሰጠቻት።

«ለአባትሽ እኔ ራሴ እደውላለሁ። እዚህ ገጽ ላይ ግን የምትፈልጊውን ጻፊ። ስምሽን አንጺ።»

ወንጌላዊት ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። ገጹን ከፈተች፤ አስቀድማ የሬሳውን ፎቶ አጠፋች። አዲሱ አስተያየት ከፊቷ ድቅን አለ፤ «ጾም ፈትተው ነው ፈጣሪ የቀሰፋቸው» ይላል። ሰው እየተቀባበለ ይወደዋል። ከዚያ ስለ ራሷ አንዲት ቃል ሳትጨምር ጻፈች፤

«ፎቶው የሐምሌ ነው። ጋሽ ድረስ ጾማቸውን ሳይፈቱ ሞቱ።»

ስትነሳ ከሥሩ የመጀመሪያው መልስ ገብቶ ነበር። «የሬሳው ፎቶ የታለ?» ይላል።